በሚያዳልጥ ብረት ላይ የመጨበጥ ኃይልን ማሳደግ፦ ድካሙ ከእጄ ነው ወይስ ከብረቱ?

ጥያቄ
ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

የተከበራችሁ የስፖርት ወዳጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ሲሆን፣ በሰፈራችን ባለች ባለቆርቆሮ ጣሪያ ጂም ውስጥ ክብደት ማንሳት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለጣቶቼና ለክንዴ ብቻ የተለየ ልምምድ እሠራለሁ። የምጠቀምባቸው ዕቃዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ብየዳ ቤት ያስቆረጥኩት የአንድ ተኩል ኢንች ጋልቫናይዝድ የውኃ ቱቦ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የጂሙ ፕሌቶች (ክብ የክብደት ብረቶች) ቀዳዳ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ልክክ ብሎ ስለሚገባ፣ በሁለቱም ጫፍ ክብደት እየጨመርኩ እንደ ዴድሊፍት (ከወለል አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም) አነሳዋለሁ። ሁለተኛው፣ ልሙጥ ጎናቸውን ወደ ውጭ አዙሬና አጣብቄ በአራቱ ጣቶቼና በአውራ ጣቴ መካከል ቆንጥጬ የማነሳቸው ሁለት ባለ 10 ኪሎ ፕሌቶች ናቸው። ሦስተኛው፣ እጀታው የሚያብለጨልጭ ልባጥ ያለው የእጅ መጭመቂያ ስፕሪንግ ነው።

ችግሬ ሦስቱም የሚያዳልጡ መሆናቸው ነው። ጥርስ ባለው (እንዳያዳልጥ ገጹ በተሻከረ) በጂሙ ባር፣ ሁለቱንም መዳፎቼን ወደ ራሴ አዙሬ 130 ኪሎ አነሳለሁ። በቱቦው ግን ከ75 ኪሎ ማለፍ አልቻልኩም። ቱቦው ከወለል ተነሥቶ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ ትከፈታለች፤ ከዚያ ቱቦው ወደ ጣቶቼ ጫፍ እየተንከባለለ ይሄድና ሙልጭ ብሎ ያመልጣል። ፕሌቶቹን ስይዝ ደግሞ ጣቶቼ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ብረቱ በመካከላቸው ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ሰዓት ይዤ ብለካው አራት ሰከንድ አይሞላም። ስፕሪንጉም ጭምቅ አድርጌ ሊዘጋ ሲል በመዳፌ ውስጥ ዞር ይላል።

መዳፌ ቶሎ ያልበዋል። በተለይ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሊመጣ ደመና ሲያረግዝ፣ ቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሆኖ እጄ እንደታጠበ ሰው እጅ ይሆናል። መፍትሔ ይሆናል ብዬ የሕፃናት ፓውደር ነስንሼ ሞከርኩ፤ ጭራሽ ባሰበት። ጓንት አደረግሁ፤ እጄ ጓንቱ ውስጥ ሲሄድ ተሰማኝ። አሁን ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ ብረቱን ማሻከር ይሻላል ወይስ እጄ ላይ አንድ ነገር መቀባት፣ ወይስ ማዳለጡን ራሱን እንደ ልምምድ ቆጥሬ ዝም ብዬ መቀጠል ነው የሚል ነው። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1
የፊዚክስ መምህር (አዳማ)

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ችግር አድርገህ ያቀረብከው ነገር ሁለት የተለያዩ ችግሮች መሆናቸውን ራስህ ሳታውቀው ጽፈኸዋል። በቱቦው ላይ ቀድማ የምትከፈተው ትንሿ ጣትህ እንደሆነች ነግረኸናል። ጣት እየተከፈተ የሚያመልጥ ብረት ጡንቻን ያሸነፈ ብረት ነው፤ ባያዳልጥ ኖሮም ጥቂት ኪሎ ጨምረህ እዚያው ትደርስ ነበር። በፕሌቶቹ ላይ ግን ጣቶችህ እንደተጨበጡ ናቸው፤ የሄደው ብረቱ ብቻ ነው። እሱ የሰበቃ (የሁለት ገጾች መፋተግ) ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለቱቦው የሚሠራው መድኃኒት ለፕሌቱ ላይሠራ ይችላል፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያክም ነው ወራት ደክሞ ባለበት የሚረግጠው።

የፕሌቶቹን ነገር በቁጥር እንየው። ሁለቱ በድምሩ 20 ኪሎ ይመዝናሉ። በአንድ ጎን አራቱ ጣቶች፣ በሌላው ጎን አውራ ጣት ስላለ እያንዳንዱ ጎን የ10 ኪሎ ሸክም በሰበቃ ብቻ አንጠልጥሎ ይይዛል ማለት ነው። በቆዳህና በብረቱ መካከል ያለው የሰበቃ ምጥጥን 0.5 ነው ብንል፣ ፕሌቶቹ እንዳይወርዱ በ20 ኪሎ ኃይል መቆንጠጥ ይበቃሃል። ላብና ቅባት ተባብረው ምጥጥኑን ወደ 0.25 ካወረዱት ግን፣ ያንኑ ክብደት ለመያዝ የ40 ኪሎ ኃይል ያስፈልግሃል። ክብደቱ አልተለወጠም፤ ከእጅህ የሚጠየቀው ግን እጥፍ ሆኗል። ዛሬ 20 ኪሎ ያነሣ ሰው በሳምንቱ 15 ኪሎ ሲያቅተው ደከምኩ ብሎ የሚያዝነው ይህን ሳያሰላ ነው።

የሕፃናት ፓውደር ያባሰብህም በምክንያት ነው። ከታልክ የሚሠራ ብዙ አለ፤ ታልክ ከማዕድናት ሁሉ እጅግ ለስላሳው፣ በንብርብር ተሠርቶ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ የሚንሸራተት ነው። ላቡን ቢጠጣልህ እንኳ በምትኩ ሌላ ማዳለጫ አስቀምጦልህ ይሄዳል። ክብደት አንሺዎችና ጂምናስቲክ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው፤ በጂሞች ቾክ የሚባለው እሱ ነው። ላብን ይመጥጣል፣ ራሱ ግን አያዳልጥም። እሱም ቢሆን ሲበዛ ጠላት ነው፤ በቆዳህና በብረቱ መካከል የዱቄት ወለል ከተነጠፈ የምትይዘው ብረቱን ሳይሆን ዱቄቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት፣ ገደል የሚወጡ ሰዎች ቾክ ተቀብተው ድንጋይ ሲይዙ ሰበቃው ቀንሶ ተገኝቷል፤ ኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ተቃራኒውን አሳይተዋል። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ስስ አድርጎ ቀብቶ ትርፉን እፍ ማለት እንደሚገባ ነው።

እጅህን አጥንት እስኪመስል ማድረቅም አይጠቅምህም። ባንክ ቤት ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ጣቱን እርጥብ ስፖንጅ ላይ ነካ የሚያደርገው ፍጹም የደረቀ ቆዳ በወረቀት ላይ ስለሚንሸራተት ነው። ጥቂት እርጥበት ቆዳን ያለሰልስና ከብረቱ ጋር በደንብ ያገናኘዋል፤ ውኃው በዝቶ በመካከል ሲተኛ ነው ጉዳቱ።

ወደ ቱቦው ልመለስ። አንተ ሳታስበው የታወቀ ነገር ሠርተሃል። አፖሎን በሚል ስም ይታወቅ የነበረው ፈረንሳዊ ጉልበተኛ ሉዊ ዩኒ የሚያነሣው የባቡር ጋሪ ዘንግ ነበረው፤ ከነመንኰራኩሩ 166 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የመያዣው ውፍረትም 49 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከአንተ ቱቦ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ነው። ከእሱ በኋላ ያንን ዘንግ ከራሳቸው በላይ ለማንሣት የበቁት ሻርል ሪጉሎ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ጆን ዴቪስ በ1949 እና ኖርበርት ሼማንስኪ በ1954 ናቸው። የዘመናቸው ኃያላን ሆነው ሳለ ዘንጉ ያስቸገራቸው በክብደቱ ብቻ አልነበረም። በውድድር የሚያገለግለው የወንዶች ባር 28 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች ላይ ተደርቦ ይቆልፋል። በ48 ሚሊ ሜትር ላይ ግን አውራ ጣትህ ከጣቶችህ ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ መቆለፊያ የለውም፤ ብረቱ ወደ ተከፈተው በኩል ይንከባለላል። ስለዚህ 130 እና 75 ማነጻጸርህን ተው። ሁለቱ የተለያዩ ልምምዶች ናቸው።

አንዱን መዳፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙሮ መያዝ መንከባለሉን ያቆመዋል፤ ያን ዕለት ኪሎ ይጨምርልሃል፤ ነገር ግን ልታሠለጥነው የፈለግከውን ድካም ይደብቅብሃል። በዚያ ላይ ወደ ፊት የዞረው ክንድ ጡንቻ በከባድ ክብደት የመበጠስ አደጋ ስላለው፣ ለጣት ልምምድ ተብሎ የሚደረግ አይደለም።

ፈተናውን እንዲህ አድርገው። እጅህንም ብረቱንም በሳሙና አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ምንም ሳትቀባ ያዝ፤ ጣት ተከፈተ ወይስ ብረት ወረደ የሚለውን ብቻ ጻፍ። ጣት ከተከፈተ ልምምዱን ጨምር፤ ብረት ከወረደ ገጹን አስተካክል።

መልስ 2
የድሮ ብረት አንሺ (ሐዋሳ)

መምህሩ በደንብ አስረድተውሃል፤ እኔ በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ሁሉንም ዕቃህን አታሻክር። እኛ ስንጀምር የነበረን በሲሚንቶ የተሞላ ጣሳና በዘይት ቀለም የተቀባ ዘንግ ብቻ ነበር፤ ቾክ የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም፤ የእጃችን ጥንካሬም የመጣው ከዚያው ከሚያዳልጠው ዘንግ ነው። ከሦስቱ አንዱን ልሙጥ እንደሆነ ተወው፤ ክብደቱን ቀንሰህ፣ ሰከንዱን አርዝመህ ያዝበት። ልሙጥ ብረት ያለ ልክ እንድትጨብጥ ያስገድድሃል፤ ያ ነው ትርፉ።

ነገር ግን ልሙጥ ብረት ከወገብ በላይ አይነሣ። ከደረትህ በላይም ሆነ ከራስህ በላይ በሚያዳልጥ ዘንግ የምትሠራው ነገር እንዳይኖር። ፕሌት ስትቆነጥጥም እግሮችህን ከፈት አድርገህ ቁም፤ እኔ ባለ 15 ኪሎ ፕሌት አምልጦኝ የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪበቅል ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

አንዳንድ ልጆች ሙጫና ዕጣን አቅልጠው እጃቸውን ይቀባሉ። ዕጣን የመሲንቆ ደጋን ላይ ሲታሽ ጭራውን እንዲነክስ ያደርገዋል፤ ጂም ውስጥ ግን ባሩን አጨማልቆ ለሚቀጥለው ሰው ቆሻሻ ማውረስ ነው።

መልስ 3
ብየዳና ቶርኖ (ሐዋሳ)

ስለ ብረቱ ገጽ የማውቀውን ላካፍልህ፤ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ልረዝም እችላለሁ።

በመጀመሪያ ቱቦው ንጹሕ መሆኑን አረጋግጥ። የውኃ ቱቦ ሲቆረጥና ፊሌቶ ሲወጣለት ዘይት ይፈስበታል፤ ዘይቱ በጨርቅ ሲጠረግ የጠፋ ይመስላል እንጂ አይጠፋም። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ቱቦውን አጋድመህ ንጹሕ ውኃ ጠብ አድርግበት። ውኃው ክብ ክብ ሆኖ እንደ ዶቃ ከቆመ ቅባት አለ፤ ስስ ሆኖ ከተነጠፈ ገጹ ንጹሕ ነው። እኛ ቀለም ከመቀባታችን በፊት የምንሞክረው እንዲሁ ነው። ቅባት ካገኘህበት በሙቅ ውኃና በላርጎ በደንብ እሸው፣ አለቅልቀው፣ አድርቀው፣ መጨረሻ ላይ በአልኮል በነከርከው ጨርቅ ጥረገው። በቤንዚን ወይም በናፍታ የሚያጥቡ አሉ፤ ናፍታ ራሱ የቅባት ሽፋን ጥሎ ስለሚሄድ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ቤንዚን ደግሞ ለእጅም ለሳንባም ለእሳትም መጥፎ ነው። እጅህን ሎሽን ወይም ቫዝሊን ተቀብተህ የምትሄድ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ ብዙውን ጊዜ የጂም ብረት የሚያዳልጠው በብረቱ ጥፋት ሳይሆን በተጠቃሚው የፀጉር ቅባትና ሎሽን ነው።

ሁለተኛው ማሻከሩ ነው። ባለ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይበቃሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጭረቱ አቅጣጫ ነው። ቱቦው በእጅህ ውስጥ የሚያመልጠው ዙሪያውን በመንከባለል ስለሆነ፣ ጭረቱ መንከባለሉን መስቀለኛ ሆኖ እንዲያቋርጠው ወረቀቱን በቱቦው ቁመት፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሳበው። ወረቀቱን ጠምጥመህ ዙሪያውን ካዞርከው ጭረቱ ቱቦው የሚሄድበትን መንገድ ይጠርግለታል እንጂ አያግደውም። ፕሌት ደግሞ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ በምትይዝበት ቦታ ላይ ጭረቱ አግድም መሆን አለበት። ስትፈገፍግ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፤ የዚንክ ብናኝ ለማንም አይበጅም። ዚንኩ ከተነሣ በኋላ ቦታው ቀስ በቀስ ይዝጋል፤ እንዳይዝግ ብለህ ዘይት እንዳትቀባው፤ ከልምምድ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ከወለሉ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው። ስስ ዝገት ቢይዘው በብሩሽ አራግፈው፤ ትንሽ ሻካራነት እንዲያውም ይጨምርልሃል።

ወንድሜ አንድ የማትሞክረው ነገር አለ። ቱቦው ላይ በብየዳ ነጠብጣብ አድርጋችሁ ጥርስ አውጡልኝ የሚሉ ደንበኞች ይመጣሉ። ነጠብጣቡ መዳፍ ይቀዳል፤ ልጁ በሁለተኛው ቀን ቁስል ይዞ ይመለሳል። በዚያ ላይ ጋልቫናይዝድ ብረት ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጢስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። እኛ ዘንድ ወተት ይጠጣበታል፤ ወተቱ ጢሱን አያወጣውም፤ የሚያድነው ዚንኩን አስቀድሞ መላጥና በር ከፍቶ መሥራት ነው።

እውነተኛ ጥርስ ከፈለግህ ቶርኖ ላይ ይወጣል። ለዚህ ግን ድፍን ዘንግ አምጣ። ጥርስ የሚያወጣው መንኰራኩር ብረቱን በኃይል ተጭኖ ስለሚቀርጽ፣ ስስ ግድግዳ ያለውን ቱቦ ሊያጣምመው ይችላል። ወጪውን ከጠላህ ደግሞ አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁረጥና ቱቦው ላይ እንደ ካልሲ አጥልቀው። ውፍረቱ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ማዳለጡ ግን ይቆማል። ስታወልቀው ልሙጡን ቱቦህን መልሰህ ታገኘዋለህ፤ ከላይ የጻፉት ታላቃችንም በዚህ አይቆጡም።

ለስፕሪንጉ፣ እጀታው ክብ ዘንግ ስለሆነ የጨርቅ ፕላስተር አንድ ዙር ጠምጥምበት። ሁለት ዙር አታድርግ፤ እጀታው ወፍሮ መክፈቻው ይቀየርብሃል።

ታቦር ሥር (ጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የውኃ ጠብታውን ሞክሬ አፈርኩ፤ ቱቦው ላይ ውኃው እንደ ጨሌ ተደርድሮ ቆመ። ፕሌቶቹም እንዲሁ። ሁሉንም አጠብኩ፤ በዚያው ቀን፣ ምንም ሳልቀባ፣ ቱቦው ከ75 ወደ 82 ኪሎ ወጣ።

አሁን የቀረኝ የቾኩ ጉዳይ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የጠየቅኋቸው ሱቆች ማግኒዥየም ካርቦኔት የላቸውም። አንድ የጂም ጓደኛዬ የትምህርት ቤት ጠመኔ ፈጭተን እንጠቀም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ ያው ነጭ ዱቄት ነው ብሎ በፌስታል ይዞ መጥቷል። አረቄ ወይም የእጅ ሳኒታይዘር ውስጥ በጥብጠን ፈሳሽ ቾክ መሥራት ይቻላል የሚልም አለ። እስካሁን አንዱንም አልነካሁም።

መልስ 4
ፋርማሲስት (አዳማ)

አለመንካትዎ ትልቅ ነገር ነው። ኖራውን ዛሬውኑ ከጂሙ ያውጡት። ኖራ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ በተሰነጠቀ መዳፍ ላይ ቁስሉ ጥልቅ ይሆናል፤ በዚያ እጅ ዓይንን ማሸት ደግሞ ዓይንን እስከ ማጣት ያደርሳል። ሲሚንቶም በዚሁ ምክንያት አይነካም። ነጭ መሆን ብቻውን ዝምድና አይደለም።

ጠመኔ እንደ ኖራ አደገኛ አይደለም። የሚሠራው ከጂፕሰም ወይም ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ላብ የመምጠጥ ችሎታው ከማግኒዥየም ካርቦኔት ያንሳል፣ ቶሎም ይላቁጣል። ሌላ ከጠፋ ለአንድ ሰሞን ቢጠቀሙበት አይጎዳዎትም፤ አቧራው ግን የታፈነ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያስቸግራል። ማግኒዥየም ካርቦኔት ከአዲስ አበባ የስፖርት ዕቃ ከሚሸጡ ዘንድ ያስመጡ። ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ፤ ማግኒዥየም ሰልፌት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በውኃ የሚሟሟ ጨው ስለሆነ ላብ ሲያገኘው ሟሙቶ ይቀራል።

ፈሳሽ ቾክ ማለት ማግኒዥየም ካርቦኔት በአልኮል ተበጥብጦ ነው፤ አልኮሉ ይተንና ስስ ሽፋን ይቀራል፤ አቧራ ስለማያነሣ ለጋራ ጂም ይመረጣል። በሳኒታይዘር ግን አይሥሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የሳኒታይዘር አሠራር ውስጥ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል አለ፤ የተጨመረው ቆዳ እንዳይደርቅ ነው፤ አልኮሉ ከሄደ በኋላ መዳፍዎ ላይ የሚቀረውም እሱው የሚያዳልጠው ነው። አረቄም አይሆንም፤ ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆነ እስኪደርቅ ሰውነትዎ ይቀዘቅዛል፤ ጂሙም የሚሸተው ሌላ ነው። ምንም ያልተጨመረበት የፋርማሲ አልኮል ይጠቀሙ፤ እሳትና ሲጋራ ካለበት ያርቁት።

ስለ ላብዎ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የመዳፍ ላብ ከሙቀት ይልቅ ለጭንቀትና ለትኩረት ይበልጥ ይታዘዛል፤ ከባድ ክብደት ፊት ቆመው ሲያስቡ የሚያልብዎት ለዚህ ነው። በየዙሩ መካከል እጅዎን በደረቅ የጥጥ ፎጣ ይጥረጉ፤ ቾኩን ሊያነሡ ሲሉ እንጂ ቀድመው አይቀቡ። ሳይሠሩም ቁጭ ብለው የሚንጠባጠብ ላብ ካለዎት፣ ማታ በደረቀ መዳፍ ላይ የሚቀባ አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ያማክሩ።

መዳፍ ላይ የደደረውን ቆዳ አይቁረጡት፤ ከታጠቡ በኋላ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ለዘብ አድርገው ከጎን ካለው ቆዳ ጋር እኩል ያድርጉት። ጉብ ብሎ የቀረው ነው ባሩ ይዞት ተቀድዶ የሚነሣው። ሎሽን ካስፈለገዎት ማታ፣ ከልምምድ በኋላ ይቀቡ።

ታቦር ሥር (ጠያቂው)

ስድስት ሳምንት አልፎኛል፤ የደረስኩበትን መጻፍ ግዴታዬ ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ እሠራለሁ። ማክሰኞ ልሙጡን ቱቦ ያለ ምንም ቅባትና ያለ ቾክ፣ ከምችለው ቀነስ ባለ ክብደት፣ አምስት ጊዜ ለ10 ለ10 ሰከንድ እይዛለሁ፤ በየመካከሉ ሦስት ደቂቃ አርፋለሁ። ዓርብ ከመነዳሪውን አጥልቄ ከባድ ክብደት እሞክራለሁ። ትንሿ ጣቴ መከፈቷ መምህሩ እንዳሉት የጉልበት ነገር ሆኖ ተገኘ፤ በልሙጡ ቱቦ 95 ኪሎ ደርሻለሁ፤ አሁን ጣቴ ቀስ ብላ ስትከፈት ስለሚሰማኝ፣ ቱቦው ከማምለጡ በፊት ለማውረድ ጊዜ አገኛለሁ።

ፕሌቶቹን ዘንድሮ የተቀባ የሚያብለጨልጭ ቀለም ስለነበረባቸው፣ የጂሙን ባለቤት አስፈቅጄ የአንዱን ጥንድ መያዣ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አግድም ፈገፈግኋቸው። ያለ ቾክ 14 ሰከንድ፣ ከአዲስ አበባ በመጣልኝ ቾክ 25 ሰከንድ ይዣቸዋለሁ። በአንድ ዓርብ ቾኩን አብዝቼ ነጭ እስክሆን ተቀብቼ ስሞክር ወደ 17 ወረደ፤ ስስ አድርጎ እፍ ማለቱ እውነት ነው።

ያልሠራልኝ ነገር የጠዋቱ ልምምድ ነው። ሙቀት ይቀንስልኛል ብዬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሄድኩ፤ ብረቱ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ጤዛ ይዞ አገኘሁት፤ በፎጣ ጠርጌው ገና ዞር ሳልል ዳግመኛ ያዘ። ስለዚህ ቱቦውን አሁን ቤቴ ወስጄ፣ ከአልጋዬ ሥር አሳድረዋለሁ። የስፕሪንጉን ፕላስተር በየሁለት ሳምንቱ እቀይራለሁ። የጂሙ ባለቤት የተፈገፈጉትን ፕሌቶች አስቀያሚ ናቸው ብሎ በአዲስ ቀለም ሊቀባቸው ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ለምኜ አስተውኩት።